«ቢግ» ልበል ወይስ «ላርጅ»?

ጓደኞቼ በእንግሊዝኛ የጻፉትን አይቼ እንዳርምላቸው ይልኩልኛል። ደብዳቤ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ሪፖርት፣ አንዳንዴም የፍቅር መልእክት። ሰዋስው ላይ ብዙም አንጨቃጨቅም። ግሡ ኃላፊ ጊዜ መሆን አለበት ካልኳቸው እሺ ብለው ያልፋሉ። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ቅጽል ላይ ስንደርስ ነው። «‹ላርጅ› ያልኩትን ለምን ‹ቢግ› አደረግሽው? ሁለቱም ትልቅ ማለት አይደለም እንዴ?»

ነው እንጂ። ችግሩም እሱ ነው። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ቢግ» ትልቅ፣ «ላርጅ» ትልቅ፣ «ግሬት» ትልቅ ወይም ታላቅ ይላችኋል። አልዋሸም። ግን ምንም አልነገራችሁም። ልዩነታቸው ምንድን ነው እያሉ ፍቺ ከፍቺ ማስተያየት ብዙ ርቀት አያስኬድም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ቃል ዘወትር የሚታየው ከማን ጋር ነው?

ስህተት ሲተልቅ «ቢግ ሚስቴክ» ነው። «ላርጅ ሚስቴክ» ብትሉ ሰሚው ይረዳችኋል፤ ጆሮውን ግን ይጎረብጠዋል። ብዛት ላይ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ ፒፕል» ይባላል፤ እዚያ ቦታ «ቢግ» ብዙም አይሰማም። ጥንቃቄ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ወጥተው «ግሬት» ይገባል፤ «ዊዝ ግሬት ኬር» ነው የሚባለው። «ቢግ ብራዘር» ታላቅ ወንድም ነው። «ላርጅ ብራዘር» ካላችሁ ግን ስለ ወንድማችሁ ኪሎ የምታወሩ ይመስላል። ቤት፣ ውሻ፣ ጠረጴዛ፣ ከተማ ሲሆን ሁለቱም ያስኬዳሉ። «ላርጅ» ትንሽ ኮስተር ማለቱ ብቻ ነው፤ ወደ ጽሑፍ ቋንቋ ያደላል።

በአማርኛም እኮ ያው ነን። ግዙፍ ሕንጻ እንላለን፤ ግዙፍ ምስጋና የሚል የለም። ምስጋና የሚሆነው «ላቅ ያለ» ነው። ታላቅ በዓል አለ፤ ታላቅ ጠረጴዛ የለም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ስንሰማ አድገን ነው።

እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ሩፐርት ፈርዝ በ1957 ያሳተማት አንዲት ዓረፍተ ነገር እስካሁን ትጠቀሳለች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ቃልን የምታውቀው ከማን ጋር እንደሚውል በማየት ነው ይላል። የእሱ ተማሪ የነበረው ማይክል ሃሊደይ ደግሞ ሐሳቡን በምሳሌ አጠናከረው። ወፍራም የፈላ ሻይ «ስትሮንግ ቲ» ይባላል እንጂ «ፓወርፉል ቲ» አይባልም። ጉልበታም መኪና «ፓወርፉል ካር» ነው። ክርክር ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ይገባሉ፤ «ስትሮንግ አርጊዩመንት» ያለም፣ «ፓወርፉል አርጊዩመንት» ያለም ልክ ነው። እንግዲህ ሻዩ «ፓወርፉል»ን ለምን እንቢ እንዳለ ከፍቺው ተነስቶ የሚያስረዳ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል።

ለእኛ በጣም አታላይ የሚሆነው አንድ የአማርኛ ቅጽል ለብዙ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ሲቆም ነው። «ከባድ»ን ውሰዱ። ከባድ ዝናብ «ሄቪ ሬይን» ነው። ገጠመልን፣ ጎሽ። ከባድ ሻንጣም «ሄቪ» ነው። ከባድ ሕመም ግን «ሲሪየስ» ይሆናል። ከባድ ፈተና «ሃርድ» ወይም «ዲፊከልት» ነው። ከባድ ቅጣት «ሲቪር» ወይም «ሃርሽ» ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ሄቪ ስሞከር» የሚባል አለ፤ ከባድ አጫሽ ብለን አንተረጉመውም፤ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ንፋስ ሲከፋ «ሄቪ» መሆኑ ቀርቶ «ስትሮንግ» ይሆናል። ስለዚህ «ከባድ» በእንግሊዝኛ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መልሴ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ምኑ ነው ከባድ የሆነው?

«ረጅም»ም እንደዚሁ ነው። ገመዱም፣ ሰውየውም፣ ዛፉም፣ ስብሰባውም በአማርኛ ረጅም ናቸው። እንግሊዝኛው ገመዱንና ስብሰባውን ለ«ሎንግ»፣ ሰውየውንና ዛፉን ለ«ቶል» ያከፋፍላል። ከዚያ ደግሞ «ሃይ» አለ። «ቶል» ወርዱ ጠበብ ብሎ ቀጥ ብሎ ለቆመ ነገር ነው። «ሃይ» ከመሬት ምን ያህል ርቆ እንዳለ ይመለከታል፤ መደርደሪያው፣ ጣሪያው፣ ደመናው። ተራራ ብዙ ጊዜ «ሃይ» ነው። ሕንጻ ሲሆን «ቶል» ይቀናዋል። ሰውን «ሃይ» ካላችሁት ግን ስለ ቁመቱ አልተናገራችሁም። አደንዛዥ ዕጽ ወስዷል ማለታችሁ ነው።

እንዲህ ሲባል እንግሊዝኛ ሁልጊዜ ከእኛ በላይ የሚለይ እንዳይመስላችሁ። «ኦልድ»ን እዩት። አሮጌ ጫማ፣ ሽማግሌ ሰውዬ፣ የቆየ ወዳጅ፣ የቀድሞ አለቃ፤ አራቱንም በአንድ «ኦልድ» ይጠቀልላቸዋል። እኛ አሮጌ ወዳጅ አንልም፣ ነውር ነው። ለጥንቱ ዘመን «ኤንሸንት» አለ። ሰውን ላለማስቀየም ደግሞ «ኤልደርሊ» አለ፤ በዕድሜ የገፉ ከማለት ጋር ይቀራረባል።

ይህ ሁሉ ቅጽል ከየት መጣ? እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ይረዳል። በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ያዘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ፈረንሳይኛ ሲናገሩ ተራው ሕዝብ በእንግሊዝኛው ቀጠለ። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት በላቲን ነበሩ። አዲስ ቃል ሲገባ ነባሩ ይሞታል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የሞተም ብዙ ነው። ያልሞተው ግን ጠጋ ብሎ ከመጤው ጋር ሥራ ተካፈለ።

«ኪንግሊ» ሥሩ የጥንት እንግሊዝኛ ነው፤ «ሮያል» በፈረንሳይኛ በኩል የገባ፣ «ሪጋል» ደግሞ የላቲን ዘር ነው። ሦስቱም የንጉሥ፣ ንጉሣዊ ማለት ናቸው። ዛሬ ግን ዋናውን ሥራ የያዘው «ሮያል» ነው። ቤተሰቡም «ሮያል»፣ ባሕር ኃይሉም «ሮያል»። «ሪጋል» የሚገልጸው ግርማን ነው፤ አካሄድን፣ አቀማመጥን። የንጉሥ ዘር ያልነካት አክስትም «ሪጋል» ልትባል ትችላለች። «ኪንግሊ» ተረትና የጥንት ታሪክ ውስጥ ካልሆነ ብቅ አይልም።

እኔ በጣም የምወዳቸው ጥንድ «ማዘርሊ» እና «ማተርናል» ናቸው። በመዝገበ ቃላት ሁለቱም «የእናት፣ እናታዊ» ናቸው። «ማዘርሊ» ውስጥ ርኅራኄ አለ። ጎረቤትም፣ አስተማሪም፣ ልጅ ያልወለደች ሴትም «ማዘርሊ» መሆን ትችላለች። «ማተርናል» የሐኪምና የቅጽ መሙያ ቃል ነው። የእናቶች ጤና «ማተርናል ኸልዝ» ይባላል። በእናታችሁ በኩል ያለችው አያት «ማተርናል ግራንድማዘር» ናት። እሷን «ማዘርሊ» ብትሏት ደግነቷን ተናገራችሁ እንጂ በየትኛው ወገን እንደምትዛመዳችሁ ማንም አላወቀም። «ብራዘርሊ» እና «ፍራተርናል»ም በዚሁ መንገድ ተለያይተዋል።

ከዚህ ተነስቶ ነባሩ እንግሊዝኛ ለቤት፣ ፈረንሳይኛውና ላቲኑ ለቢሮ የሚል ነገር ይባላል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሕግ አድርጋችሁ ግን አትያዙት። «ላርጅ» ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ማንም ሰው በየቀኑ ይለዋል። «ናይስ» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን ሲገባ ትርጉሙ አላዋቂ፣ ሞኝ ነበር። ዛሬ ግን ከእሱ የባሰ የቤት ቃል ከየት ይመጣል? «ግሬት» በጥንቱ እንግሊዝኛ ወፍራም፣ ሻካራ ማለት ነበር። ቃላት የትውልድ ወረቀታቸውን አያከብሩም።

ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ላይ የሚያቀርበው ዝነኛ መጽሐፍ የወጣው በ1852 ነው። አዘጋጁ ፒተር ማርክ ሮጄ የሚባል ሐኪም ነበር። ዝርዝሩን የጀመረው በ1805 ሲሆን፣ መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ 73 ዓመት ሞልቶታል። ትዕግሥቱን አደንቃለሁ። ግን የመጽሐፉ ሥራ መሰብሰብ እንጂ መለየት አይደለም። ቃላቱን በሐሳብ ሰብስቦ ይደረድራል፤ ፍቺ አይሰጥም። ቃሉን ለሚያውቅና ለጊዜው ከምላሱ ለጠፋበት ሰው ግሩም ነው። ቃሉን ለማያውቅ ሰው ወጥመድ ነው። ዛሬ ደግሞ ወጥመዱ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ገብቷል። ቃሉን ጫን ስትሉት ተመሳሳዮቹ ይዘረገፋሉ።

«ፋት» (ወፍራም) ሻከረብኝ ያለ ሰው እዚያ ዝርዝር ውስጥ «ቸቢ»፣ «ፕላምፕ»፣ «ስታውት»፣ «ኦቢስ» ያገኛል። ረዘም ያለው ይሻላል ብሎ «ኦቢስ»ን ይመርጣል። እሱ ደግሞ የሕክምና ቃል ነው። «ቸቢ» ጉንጩ ለሞላ ሕፃን ነው። «ፕላምፕ» ለትራስም ይሆናል። የሥራ ባልደረባውን ለመግለጽ ፈልጎ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ከነአካቴው ይተወው።

ይህ ደግሞ ወደ ሌላው ነገር ይወስደኛል። ቅጽል ስለ ነገሩ ብቻ አይናገርም። ስለ ተናጋሪውም ያሳብቃል። «ስሊም»፣ «ቲን»፣ «ስኪኒ» ብትሉ ሰውየው ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። «ስሊም» ያለው ሰው ወዶታል። «ቲን» ያለው ያየውን ተናገረ። «ስኪኒ» ያለው ወይ አዝኖለታል ወይ አሽሟጦታል። እኛስ? ሸንቃጣ፣ ቀጭን፣ ከሲታ። ቁልጭ ያለ ግጥጥም ነው። እንዲህ ያለ ጥንድ ስታገኙ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ፍቺ ከመሸምደድ ይልቅ ስሜቱን በራሳችሁ ቋንቋ ትይዙታላችሁ።

ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ላይ ይህን ነገር እንደ ግሥ እርባታ አድርጎ ቀልዶበት ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፦ እኔ ጽኑ ነኝ፤ አንተ ግትር ነህ፤ እሱ ምክር የማይሰማ ጅል ነው። ጠባዩ አንድ ነው። የተለወጠው ተናጋሪው ከሰውየው ጋር ያለው ቅርበት ብቻ ነው። በዚሁ መንገድ ብዙ ማርባት ይቻላል። እኔ «ኪዩሪየስ» ነኝ፣ የማወቅ ጉጉት አለብኝ፤ ጎረቤቴ «ኖዚ» ናት፣ ሰው ጉዳይ ውስጥ ትገባለች። የእኔ ልጅ «ቻይልድላይክ» ነው፣ የዋህ፤ የሌላ ሰው ልጅ «ቻይልዲሽ» ነው፣ ገና አልበሰለም።

«ቺፕ»ም እዚሁ ይመደባል። ለቲኬትና ለሆቴል ሲሆን ምንም አይደለም፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ማለት ነው። ለስጦታ ሲሆን ግን ስድብ ይሆናል። ጥራቱም አብሮ ወርዷል ማለት ነው። ለሰው ሲሆን ቋጣሪ ማለት ይሆናል። ጨዋ መሆን የፈለገ «ኢንኤክስፔንሲቭ» ይላል። የእኛ «ርካሽ»ም ከዚህ አላመለጠም። ርካሽ ተወዳጅነት ስንል ስለ ዋጋ አይደለም የምናወራው።

አሁን ደግሞ ሰዎች ጨርሶ ወደማይጠረጥሩት ቦታ ልውሰዳችሁ። አንዳንድ ቅጽሎች የሚለያዩት በመቀመጫቸው ነው። «አስሊፕ» እና «ስሊፒንግ» ሁለቱም የተኛ ናቸው። «ዘ ቤቢ ኢዝ አስሊፕ» ይባላል። «አስሊፕ ቤቢ» ግን አይባልም፤ ከስም በፊት «ስሊፒንግ ቤቢ» ነው። «አላይቭ» ከግሥ በኋላ፣ «ሊቪንግ» ከስም በፊት። «አፍሬድ» ከግሥ በኋላ፣ «ፍራይትንድ» ከስም በፊትም ይሆናል። የፈራች ልጅ «አፍሬድ ገርል» አትባልም።

ለምን? ለአንዳንዶቹ መልስ አለ። «አላይቭ» እና «አስሊፕ» መጀመሪያ አንድ ቃል አልነበሩም። ፊታቸው ላይ ያለችው «አ» የጥንቱ «ኦን» መስተዋድድ ቅሪት ናት። «አላይቭ» በሕይወት ላይ፣ «አስሊፕ» በእንቅልፍ ላይ እንደማለት ነበር። እኛም «በሕይወት አለ» እንላለን እንጂ «በሕይወት ሰውዬ» አንልም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ነገሩ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ጤነኛ አስተሳሰብ ነው የሚታየኝ። «አሎን» ትውልዱ ሌላ ነው፤ «ኦል» እና «ዋን» ተጣብቀው ነው የተፈጠረው። ጠባዩ ግን ያው ነው። ከስም በፊት አይቆምም። «ሎንሊ» ግን ይቆማል፤ ትርጉሙም ይለያል። «አሎን» አጠገቡ ሰው የለም ማለት ነው። «ሎንሊ» ብቸኝነት ተሰምቶታል ማለት ነው። ሰው መሐል ሆኖ «ሎንሊ» መሆን ይቻላል። ብቻ ሆኖ በጣም ደስተኛ መሆንም ይቻላል። እኔ ሁለተኛው ነኝ፣ በተለይ ስጽፍ።

«ሲክ» እና «ኢል»ም የዚህ ጠባይ አላቸው። የታመመ ልጅ «ሲክ ቻይልድ» ነው፤ «ኢል» ከስም በፊት እምብዛም አይቆምም። በብሪታኒያ ደግሞ «አይ ዎዝ ሲክ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ አስመለሰኝ ማለቱ ነው።

«ሂስቶሪክ» እና «ሂስቶሪካል» የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። እነሱ እንኳ ቀላል ናቸው። በታሪክ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው «ሂስቶሪክ» ነው፤ ያለፈውን ዘመን የሚመለከት ሁሉ «ሂስቶሪካል» ነው። የኢኮኖሚ ጉዳይ «ኢኮኖሚክ»፣ ቆጣቢ የሆነ «ኢኮኖሚካል»። መልስ ያለው ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም።

ፍጥነት ላይ ግን ልቆይ። «ፋስት»፣ «ክዊክ»፣ «ራፒድ»፣ «ስዊፍት»። አማርኛው ለሁሉም «ፈጣን» ይላል። እኔ የምለያቸው እንዲህ ነው። «ፋስት» እየሄደ ላለ ነገር ነው፤ መኪና፣ ሯጭ፣ ባቡር። «ክዊክ» ቶሎ ለሚያልቅ ነገር ነው። «ክዊክ ሉክ» አየት ማድረግ ነው፤ «ክዊክ ኩዌስችን» አጭር ጥያቄ ነው። «ራፒድ» ለለውጥ ነው፤ ዕድገት፣ መስፋፋት፣ ማሽቆልቆል። ስለዚህ ሪፖርት ይወደዋል። «ስዊፍት» መግለጫ የሚያወጡ ሰዎች ቃል ነው፤ እርምጃና ምላሽ ሁልጊዜ «ስዊፍት» ናቸው፣ ቢያንስ በመግለጫው ላይ። ከእነዚህ ውስጥ «ፋስት» የቆየ ጉድ አለበት። ድሮ ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር። ያ ትርጉም አልጠፋም። ድብን ብሎ የተኛ ሰው ዛሬም «ፋስት አስሊፕ» ነው።

እንግዲህ እንዴት ይለመዳል? ፍቺ ማወዳደር እንደማያዋጣ ተናግሬያለሁ። በ1987 በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ሲንክሌር የመራው ቡድን በኮምፒውተር ከተከማቸ እውነተኛ ጽሑፍ ተነስቶ ለተማሪዎች መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ሰዎች በእርግጥ የጻፉትንና የተናገሩትን አይቶ የቃሉን ጎረቤቶች ያሳያል። ፍቺውንም በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥሩ የተማሪ መዝገበ ቃላትም በአብዛኛው ከእውነተኛ ጽሑፍ ይነሳሉ። ስለዚህ ፍቺውን ዘላችሁ ምሳሌዎቹን አንብቡ። እኔ ከዚህ ሌላ ኢንተርኔት ላይ ሁለቱን ጥምረቶች በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጌ እፈልጋለሁ። የውጤቱን ቁጥር ብዙም አላምነውም። ማን እንደጻፈው ግን አያለሁ። ጋዜጣ ነው? ሐኪም ነው? ወይስ እንደ እኔ በትምህርት የለመደ ሰው?

ደግሞም ሁልጊዜ መጨነቅ አያስፈልግም። ሁለቱም የሚሄዱበት ቦታ ብዙ ነው። «ቢግ ሃውስ» ይሁን «ላርጅ ሃውስ» ብሎ ማመልከቻውን ሳይልክ የሚያድር ሰው አውቃለሁ። እንደዚያ ሲሆን አጭሩን ጻፉና ሂዱ ነው የምለው። ረጅሙ ቃል የተማረ ያስመስላል የሚለው እምነት ስንት ጥሩ ደብዳቤ አበላሽቷል!

እስካሁን የማያሳምኑኝ ጥንዶችም አሉ። «ዋይድ» እና «ብሮድ» ሁለቱም ሰፊ ናቸው። ትከሻ «ብሮድ» ነው። ተከፍቶ የቀረ አፍ ግን «ዋይድ» ነው። «ዋይድ» ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርቀት፣ «ብሮድ» የመሐሉን ስፋት ይመለከታል የሚል ማብራሪያ አለ። ትከሻና አፍ ላይ ይሠራል እንበል። ጠራራ ፀሐይ ላይ የተፈጸመ ስርቆት ግን «ብሮድ ዴይላይት» ላይ ነው የሚፈጸመው። እንቅልፍ የሌለበት ሰው «ዋይድ አዌክ» ነው። ጠርዙ የቱ፣ መሐሉ የቱ? ሰሞኑን አንዲት ልጅ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ትከሻውን ከ«ብሮድ» ጋር፣ አፉን ከ«ዋይድ» ጋር አድርገሽ ጥንድ ጥንዱን ያዢ አልኳት። ምክንያቱን እንድነግራት አሁንም እየጠበቀች ነው።